ንኪና ይጨበጨብልሻል

በጣት የሚነካው ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የመጣ ዕለት ርዕሰ መምህራችን ክራባት አስሮ ነበር። ከዚያ በፊት ክራባት ሲያስር ያየሁት በሠርጉ ፎቶ ላይ ብቻ ነው። አራት ጎረምሶች ሰሌዳውን ከአይሱዙ አውርደው ሲሸከሙት እሱ ፊት ፊት እየሄደ «ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ! ዘወር በሉ!» እያለ መንገድ ያስለቅቃል። ለታቦት እንኳ እንዲያ ሲሽቆጠቆጥ አይቼው አላውቅም። በአንድ ክፍል ስልሳ ምናምን ልጅ አጭቀን የምናስተምር፣ አንድ ጠመኔ ለሁለት ሰብረን የምንካፈል መምህራን በረንዳው ላይ ተደርድረን አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብሁ። ሌላው ሲያጨበጭብ እጅን አጣጥፎ መቆም በእኛ ቤት እንደ አመፅ ይቆጠራል።

ትምህርት ቤታችን ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ ሹም አቦ ሰፈር ነው፤ እኔ ሁለተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ሰሌዳው የት ይሰቀል ሲባል ቤተ መጻሕፍቱ ተመረጠ። መጻሕፍቱ በካርቶን ታሽገው ንብረት ክፍል ገቡ። በምትካቸው ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለ፤ ለሰሌዳውም ዳር ዳሩ ዳንቴል የሆነ ልብስ ተሰፋለት። በሩ ላይ «ዲጂታል ክፍል» ተብሎ ተጻፈ። ልጆቹ ምንጣፉን እንዳያቆሽሹ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ ይገባሉ። መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስልሳ ጥንድ ካልሲ ምን ምን እንደሚል በየትኛውም ሪፖርት ላይ ተጽፎ አላየሁም። የሰሌዳው ትልቁ ቁም ነገር ልጆች በጣታቸው እየነኩ የሚማሩበት መሆኑ ነው ተብለን ነበር። በሳምንቱ «ያለ ፈቃድ መንካት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ከሥሩ ተለጠፈ። የለጠፈውም ያው ባለ ክራባቱ ነው።

ግማሽ ቀን ሊያሠለጥነን ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት መጣ። ለእንዲህ ዓይነት ሰሌዳ ተብለው የተሠሩ ጨዋታዎች በኢንተርኔት ላይ ሞልተው እንደተረፉ ነገረንና አንድ በአንድ እየከፈተ አሳየን። «ሁሉም በነፃ ነው» ይላል በየሁለት ደቂቃው። በነፃ ከሆነ ምን ይረባል ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም ብሎ የደመደመ ይመስላል። ሻርፕ የጠመጠመ ቀበሮ ይመጣል፤ ከበረዶ የተሠራ ሰው ይመጣል፤ ባርኔጣውን ጎትታችሁ ጭንቅላቱ ላይ አድርጉለት ይላል። ባርኔጣው ቦታውን ሲያገኝ የጭብጨባ ድምፅ ይሰማል፤ ርችት ይተኮሳል። መምህራኑ ተራ በተራ እየወጡ ለበረዶው ሰው ባርኔጣ አደረጉለት። ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሰዎች ጭብጨባው ሲሰማ አፋቸው እስከ ጆሯቸው ተከፍቶ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ አፈርሁባቸው። በማግስቱ ያንኑ ሥዕል ለልጆቼ ባሳያቸው «ቲቸር፣ ጥጥ ነው?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ከጥጥ በቀር ምን ሊሉት ይችሉ ነበር?

እንግዲህ የእኔ ንቀት እዚህ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። እኔ ግን ከሁሉም የተሻልሁ ነኝ ብዬ የራሴን ጨዋታ ልሠራ ተነሣሁ። ከነፃዎቹ ድረ ገጾች አንዱ መምህር የራሱን ሥዕልና ቃል እንዲያስገባ ይፈቅዳል። ቅዳሜ ጧት ሐይቁ ዳር ወርጄ በስልኬ ዓሣ አነሣሁ፤ ታንኳ አነሣሁ፤ ከዓባይ ማዶ ወደ ሥራ ስመጣ የምሻገረውን ድልድይ አነሣሁ፤ ሎሚ፣ ዶሮ፣ ባጃጅ ጨምሬ ዐሥር ሥዕል ሞላሁ። ጨዋታው ቀላል ነው። ሥዕሉ ከላይ ይመጣል፤ ከታች ዐሥሩ ቃላት ተጽፈው ተደርድረዋል፤ ልጁ ትክክለኛውን ቃል አንብቦ ይነካል። ከነካ ይጨበጨብለታል። የሻርፓሙ ቀበሮ አድናቂዎች ሥራዬን አይተው ሲደነቁ ጎንበስ ብዬ «ኧረ ምንም አይደል» አልሁ፤ በሆዴ ግን እናንተ ደግሞ ብሎ መምህር እያልሁ ነበር።

በዚያ ዓመት ከልጆቼ መካከል አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ከአንበሳሜ አካባቢ መጥታ ከእናቷ አባት ጋር ትኖራለች። አያቷ በሐይቁ ደሴቶች ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ለብዙ ዘመን ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ወደ ከተማ ወጥተው ሹም አቦ አንዲት ክፍል ቤት ይዘዋል። መስከረም ላይ እጇን ይዘው አምጥተዋት ነገሩን በግልጽ ነገሩኝ።

«አባቷ ሁለት ዓመት ነው የሰጠኝ» አሉ። «በሁለት ዓመት ማንበብ ከቻለች ትቀጥል፤ ካልቻለች ትመለስልኝ፣ ቤት ሥራ አለ ብሏል። አንደኛው ዓመት እንዲሁ አለፈ። አሁን የቀረው ያንቺ ነው፣ ልጄ።»

«አይስጉ፣ የኔታ» አልሁ።

«አቡጊዳ ታስቆጥሪያቸዋለሽ?»

አቡጊዳ ፊደሉ በሀ ሁ ተራ ሳይሆን ተዘበራርቆ የሚቆጠርበት የቆሎ ትምህርት ቤት ዘዴ ነው። ፈገግ አልሁ። ሕፃን በማያውቀው ነገር ሲገባ ፈገግ እንደምንለው ዓይነት ነው። «አሁን ዘመናዊ ሰሌዳ አለን» አልኋቸው። መምህራን ማረፊያ ገብቼም «ሽማግሌው አቡጊዳ ይሉኛል» ብዬ ሰዉን አሳቅሁት። ሳቁ እስከ ሻይ ሰዓት ድረስ ቆየ።

ጨዋታው መጀመሪያ ላይ ሰላም አልሰጠኝም። ልጅ ሲሳሳት ሰሌዳው የተሰነጠቀ ጥሩምባ የመሰለ ድምፅ ያወጣል። ያ ድምፅ በወጣ ቁጥር ስልሳው ልጅ በሳቅ ይፈርሳል፤ ከጎን ክፍል ያለው መምህር ግድግዳውን ይደበድባል። ድረ ገጹ ጨዋታው በተከፈተ ቁጥር ሥዕሎቹንና ቃላቱን ያዘበራርቃል፤ ልጆቹ አንዱን ለመዱ ስል ሌላ ይሆንባቸዋል፤ ጥሩምባውም አያባራም። ከገጹ ግርጌ ማዘበራረቁን የሚያስቀር ምርጫ ነበር። እሱን ነካሁት። ክፍሉ ጸጥ እስኪል ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው ብዬ ነበር። ጥሩምባው እየቀነሰ፣ ጭብጨባው እየበዛ ሲሄድ ምርጫውን መመለስ ተረሳ። ተረሳ ማለቴም ውሸት ነው፤ ደስ ስላለኝ ነው የተውሁት።

የአንበሳሜዋ ልጅ በሌላው ትምህርት ትንፍሽ አትልም። ደብተር ሲከፈት ጭንቅላቷን ትደፋለች። ሰሌዳው ፊት ስትቆም ግን ሌላ ሰው ናት። «ንኪ!» ስላት ሥዕሉ ብቅ ከማለቱ ቃሉን ትጠራና ትነካለች፤ ሁለተኛው ብቅ ሲል ትነካለች፤ ዐሥሩንም ያለ አንዲት ስሕተት ጨርሳ ርችቱ ሲተኮስ ዓይኗን ወደ እኔ ትመልሳለች። እኔም በዜማ አስጨበጭብላታለሁ። እየዋለ እያደረ ርዕሰ መምህሩ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ያችን ልጅ» ማለት ጀመረ። እንግዶቹ ከየቢሮው ይመጣሉ፤ ጫማቸውን ማውለቅ ይከብዳቸውና በር ላይ ቆመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ ልጅቱ ዐሥሩን ትነካለች፤ እነሱም ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሣሉ። አንዳቸውም ሌላ ነገር ላሳያት ብለው አያውቁም። እነዚያን ሰዎች ለመናቅ ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ፤ ራሴ አንድም ቀን ሌላ ነገር እንዳላሳየኋት ግን ልብ አላልሁም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የወላጆች ቀን ተደረገ። የዓመቱ ውጤት ቀደም ብሎ ተሞልቶ ካርዶቹ ላይ ፈርሜ አስረክቤ ነበር። ለልጅቱ በንባብ «በጣም ጥሩ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ርዕሰ መምህሩም ይህንኑ በሰሌዳው የተገኘ ውጤት ብሎ ለበላይ ቢሮ ሪፖርት ልኳል። በዕለቱ ወላጁና እንግዳው ዲጂታሉ ክፍል ውስጥ ሲታጨቅ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ከስልክ ወደ ስልክ ቢባል፣ ውጭ ተወጥቶ ቢሞከር የለም። ርዕሰ መምህሩ ላቡን እየጠረገ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ፎቶው አለሽ አይደል? የገጹ ፎቶ። እሱን ክፈቺው።»

«ፎቶ ተነክቶ ምን ይሆናል?»

«እሷ ትንካ፤ ማን ያውቃል!»

ፎቶውን ከፈትሁት። አንዱ ሥዕል ከላይ፣ ዐሥሩ ቃላት ከታች፤ የሞተ ነገር ነው። «ንኪ!» አልኋት። ልጅቱ የመጀመሪያውን ቃል ጠርታ ነካች። ርችት የለም፤ ጭብጨባ የለም፤ ሥዕሉም አልተለወጠም። ትንሽ ዞር ብላ አየችኝና ቀጠለች። ከላይ ያለው ሥዕል ያው ዓሣው ሆኖ ሳለ «ታንኳ» ብላ ነካች፤ «ሎሚ» ብላ ነካች፤ እስከ ዐሥር ዘለቀች። ሰሌዳው አላጨበጭብ ሲል ርዕሰ መምህሩ ራሱ አጨበጨበ፤ ቤቱ ሁሉ ተከተለው። ዓሣ ላይ ሎሚ ስትል የሰማ ሁሉ አጨበጨበ። ሙሉ ክፍል ጎልማሳ የማይንቀሳቀስ ፎቶ አይቶ «ቴክኖሎጂ ነው እኮ!» ሲባባል ቆሜ አዳመጥሁ። ያን ያህል የናቅሁት ሕዝብ የለም፤ እጆቼ ግን ከእነሱ እኩል ያጨበጭቡ ነበር።

እንግዶቹ ለስላሳና ዳቦ ወደተዘጋጀበት ሲወጡ መሪጌታው አልወጡም። ግድግዳውን ተደግፈው ቆዩና ሰው ሲመናመን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ለእኔ ዓይን ብርሃን ብቻ ነው። እስቲ ከእነዚያ ቃላት ሦስቱን በወረቀት ጻፊላት። ተራውን ለውጪው ታዲያ።»

ከማስታወሻዬ ገጽ ገንጥዬ በእርሳስ ጻፍሁ። የመጀመሪያው «ድልድይ» ነበር። ልጅቱ ጣቷን አስቀመጠችበትና «ዓሣ» አለች። ሁለተኛው «ባጃጅ» ነበር። «ታንኳ» አለች። ሦስተኛውን «ዶሮ» ብዬ ጻፍሁ። «ሎሚ» አለችና አያቷን ቀና ብላ አየች።

መሪጌታው ወረቀቱን አያዩትም። ፊቴን ግን ያዩት ይመስለኛል። «ምን ብለሽ ነው የጻፍሽላት?» አሉኝ። ነገርኋቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ እንዴት በቀለለኝ!

«ልጅ ብልህ ሲሆን ዓይኑን አያደክምም» አሉ። «በጆሮው ይይዘዋል። እኔ ዘንድ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር የሚወጣው፣ መኻሉን ገልጠው ሲሰጡት አንዲት ፊደል የማይለይ ስንቱን አይቻለሁ። አባቶቻችን አቡጊዳን ያበጁት ለዚሁ ነበር፤ ፊደሉን የሚያዘበራርቁት ልጁ ተራውን ይዞ እንዳያታልላቸው ነው። ይኸ ሰሌዳችሁ ማዘበራረቅ አይችልም?»

ይችላል አልኋቸው።

ልጅቱ አጥፍታ እንደሆነ አላወቀችም። ዓይኗ አንዴ እሳቸው ላይ፣ አንዴ እኔ ላይ ይመላለሳል። «ለምን ሳታነቢ ነካሽ?» አልኋት፤ ቆጣ ብዬ ሳልሆን አልቀርም።

«አንብቢ መች አሉኝ፣ ቲቸር?» አለች። «ንኪ ነው የሚሉኝ።»

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ የልጅቱ ካርድ ይስተካከል አልሁት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ በሩን ዘጋ። «ሪፖርቱ ሄዷል እኮ፣ እህቴ። በሰሌዳው አንደኛ የወጣችውን ልጅ ማንበብ አትችልም ልንል ነው? ማንን ነው የምታዋርጂው?» አለ። ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ክርክሬን ጨረስሁ። ዓመቱን ሙሉ በክራባቱና በምንጣፉ ስቀልድበት የኖርሁት ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር አስወጣኝ። ሰበብ ላብጅ ብል እሱ አለልኝ፤ ነገር ግን ካርዱ ላይ ያረፈው ፊርማ የእኔ ነው። ሁለተኛም ሄጄ አልጠየቅሁም።

የቀረን ሦስት ሳምንት ነበር። በየቀኑ ከክፍል መልስ ወደ መሪጌታው ቤት መሄድ ጀመርሁ። በሩ ላይ በርጩማ አውጥተን እንቀመጣለን። ፊደል ገበታው የእሳቸው ነው፤ በስንደዶ እየጠቆምሁ የማሳያት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ፊደሉን እያዘዋወርሁ ስጠቁም ልጅቱ መጀመሪያ ተደናገጠች፤ በሀ ሁ ዜማ ልታመልጠኝ ሞከረች። «እሱን ተይው፤ የምታሳይሽን ብቻ» ይሏታል እሳቸው። አለቀሰች። ሌላ ቀን እኔ ላለቅስ ደረስሁ። በሁለተኛው ሳምንት ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለየች። በሦስተኛው ሁለቱን ሦስቱን ፊደል ማያያዝ ያዘች፤ «ዝ… ና… ብ… ዝናብ!» ብላ ራሷ ሳቀች። ማንም አላጨበጨበላትም፤ እሷም አልጠበቀችም። እየመሸ ስለሚሄድ ባጃጅ ይዤ ወደ ዓባይ ማዶ ስሻገር፣ በሥራዬ እንዲህ ደስ ያለኝ መቼ ነበር እያልሁ አስብ ነበር።

ካርድ የሚሰጥበት ዕለት አባቷ ከአንበሳሜ መጣ። ቀጠን ያለ፣ ቁጥብ ሰው ነው፤ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሯል። መሪጌታው አብረውት ናቸው። ክፍሌ ውስጥ አንዱ ዴስክ ላይ ተቀምጦ የአማርኛ መጽሐፏን ተቀበለና ሳይመርጥ መኻሉን ገለጠው። «በይ ከዚህ» አላት።

ልጅቱ ጣቷን ከቃሉ ሥር አደረገች። ፊደል በፊደል ሄደች። አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ጀመረችው፤ አንዱን ተሳስታ ራሷ አረመችው። አንዲት መስመር ለመጨረስ የወሰደባት ጊዜ ቀላል አልነበረም። ግን ጨረሰችው። በሕይወቷ አይታው የማታውቀውን፣ ማንም ያላስጠናትን መስመር አነበበች። ቀና ስትል ግንባሯ በላብ ርሷል። መሪጌታው «ተመስገን» አሉ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

አባቷ ካርዱን አወጣና ለብቻው አነበበው፤ ከዚያ ለእኔ አሳየኝ።

«በጣም ጥሩ ይላል። ከዚህ የሚበልጥ አለ?»

«የለም» አልሁ። «ትልቁ እሱ ነው።»

መጽሐፉን አጠፈው። «ይኸ ገና ማንበብ አይባልም፤ እኔ እንኳ ጅምር መስላኝ ነበር። ጅምር ከሆነች አንድ ዓመት ልጨምርላት በልቤ ይዤ ነው የመጣሁ። በጣም ጥሩዋ ይችን ያህል ከሆነች ግን፣ ሌላ ዓመት ተቀምጣ ምን ትጨምራለች? ይበቃታል። እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህርት።»

መሪጌታው ጭንቅላታቸውን ደፉ። ሁለት ዓመት ተብሎ ሲወሰን፣ ካላነበበች እመልሳታለሁ ብለው ቃል የሰጡት እሳቸው ናቸው።

«ካርዱ ውሸት ነው» አልሁ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። «ካርዱን ስሞላ አንዲት ቃል አታነብም ነበር። ይኸን የሰሙትን የተማረችው በሦስት ሳምንት ነው። በሦስት ሳምንት! ጅምር ናት፤ እውነቴን ነው፣ ጅምር ናት።»

አባቷ ካርዱን እንደገና አየው። በቁጣ አልነበረም፤ ሊረዳኝ የፈለገ ይመስል ነበር።

«ፊርማው የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ታዲያ ዛሬ የሚሉኝን በምን ልመን?»

የአንበሳሜ መኪና ቶሎ ስለሚሞላ ብዙም ሳይቆዩ ተነሡ። ልጅቱ ደብተሮቿን አንድ ላይ አስራ ተከተለችው።